መጀመሪያ ቱቦውን ጠርጥሩት

ልጆቼ፣ ድሬዳዋ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ። ፊዚክስ የምትማሩ ልጆች ቤቴ ስትመጡ ስለ ትልልቅ መሣሪያ ትጠይቁኛላችሁ። እኔ ግን ስለ ቆሻሻ ላውራችሁ፤ በዓይን ስለማይታየው።

ወጣት ሳለሁ፣ ውጭ አገር፣ ሂሊየም-3 በሚባል ኒውትሮን የሚይዝ ጋዝ በተሞላ የአሉሚኒየም ቱቦ ኒውትሮን፣ ማለትም ከአቶም እምብርት የሚወጣ ቅንጣት፣ እቆጥር ነበር። የኒውትሮን ምንጩ ተነሥቶም ቆጠራው አልቆም አለ። ከሰማይ የሚመጣ ጨረር ነው አልኩ። ቀጥሎ ኬብሉን ቀየርኩ፣ አምፕሊፋየሩን ቀየርኩ። ወራት አለፉ። በመጨረሻ ቱቦውን ካድሚየም የሚባል ብረት አለበስኩት። 1 ሚሊ ሜትር ካድሚየም ዝግተኛ ኒውትሮንን ውጦ ያስቀራል። ቆጠራው ግን ንቅንቅ አላለም። ለካ ባክግራውንዱ፣ ያ ያልተፈለገው ቆጠራ፣ የሚመጣው ከራሱ ከቱቦው ግድግዳ ነው!

አሉሚኒየም ውስጥ ኢምንት ዩራኒየምና ቶሪየም አለ። እነሱ አልፋ የሚባል የጨረር ቅንጣት ይተፋሉ። ኒውትሮን ሂሊየም-3 ውስጥ ሲያዝ የሚለቀቀው ጉልበት 764 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ አልፋ ደግሞ ሲነሣ ብዙ ጊዜ ከ4,000 በላይ ይዞ ነው። ታዲያ እንዴት ይምታታሉ? ከግድግዳው ውስጥ የተነሣ አልፋ እስኪወጣ ድረስ ጉልበቱን እየጣለ ይመጣል። አንዳንዱ ጋዙ ጋ ሲደርስ ቁርጥ ኒውትሮን ይመስላል።

ደግነቱ አልፋ ሩቅ አይሄድም። ብረት ውስጥ የሚጓዘው ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ስለዚህ የቱቦውን ውስጥ በንጹሕ ኒኬል ወይም መዳብ በስሱ መለበጥ ብዙ ይረዳል። ከ764 በላይ የሚቆጠረውንም አትጣሉት። እዚያ ያለው በአብዛኛው አልፋ ነው፤ ከታች ስንት እንደተደበቀ ይጠቁማችኋል።

እኔን በጣም የሚያስደስተኝ በካናዳው ሳድበሪ፣ ኒውትሪኖ የሚባሉትን ከፀሐይ የሚመጡ ረቂቅ ቅንጣቶች ለማጥናት የተሠራው ሥራ ነው። 2 ኪሎ ሜትር ያህል ከመሬት በታች፣ እጅግ ንጹሕ ከሆነ ኒኬል የተሠሩ ረጃጅም ቆጣሪዎች ተከሉ። 36ቱን በሂሊየም-3 ሞሏቸው። 4ቱን ግን በሂሊየም-4። ሂሊየም-4 ኒውትሮን አይዝም። እነዚያ 4ቱ ቆሻሻውን ብቻ እንዲቆጥሩ ነው የተቀመጡት። እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው!

እናቶቻችን የሐረር ቡና ሲለቅሙ አይታችኋል። የተበላሸችው ፍሬ የምትወጣው ከመቆላቱ በፊት ነው። ቱቦም እንደዚያው ነው፤ ከተዘጋና ጋዝ ከተሞላ በኋላ ግድግዳውን መልቀም የለም። ብረቱን ሳትቆርጡ አስመርምሩት። የተጸዳውንም ክፍት አትተዉት፤ አየር ውስጥ ያለው ራዶን የሚባል ጨረር አመንጪ ጋዝ ሲፈርስ ላዩ ላይ የሚለጠፉ፣ እነሱም ጨረር የሚያመነጩ ዝርያዎች ይተዋል፤ ከነሱ አንዱ፣ እርሳስ-210፣ በግማሽ ለመቀነስ 22 ዓመት ይፈጅበታል።

አሁን ቆጣሪ በእጃችሁ ካለ፣ ምንጩን አርቁና ሳምንት ሙሉ ባዶውን አስቆጥሩት። ቁጥሩን ከነቀኑ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ወደ እኔ ስትመጡ መጀመሪያ የማየው እሱን ገጽ ነው።