ካቴናው ይንጫጫል፤ ሞተሬን ልቀይር?

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ረጅም ጉዞ አስበናል። የኔ ሞተር ባለ ካቴና ነው፤ ዝናብ ከመታው በኋላ ይንጫጫል። እነሱ «ባለ ሻፍት (በካቴና ፈንታ በብረት ዘንግ የሚነዳ) ግዛ» ይሉኛል። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኞችህ በሰው ገንዘብ ቸር ናቸው! ሻፍት እንክብካቤው ትንሽ ነው፤ እሱ እውነት ነው። ግን ክብደትም ዋጋም ይጨምራል። እኔ ብሆን ጓዝ ተጭኖበት ሲወድቅ ብቻዬን የማነሳውን ሞተር እመርጣለሁ።

የሚንጫጨው ቅባቱ ታጥቦ ይሆናል። ማታ ስትደርሱ፣ ካቴናው ገና ሞቅ እንዳለ፣ ሞተሩን አጥፋ። የኋላ ጎማውን በእጅህ እያዞርክ በላምባና በለስላሳ ብሩሽ አጽዳው። አድርቀውና የካቴና ቅባት በውስጠኛው ጎኑ ቀባው፤ እስኪነጋ ዘልቆ ይገባል። ቤንዚንና የሽቦ ብሩሽ አታስጠጋ፤ በመጋጠሚያዎቹ መሃል ያሉትን የጎማ ቀለበቶች ያበላሻሉ። በየ500 ኪሎ ሜትሩ ገደማ፣ ዝናብ ካለ ደግሞ በየማታው ቀባው። ሞተር አስነስቶ፣ ማርሽ አስገብቶ የሚቀባ ጓደኛ ካለህ ጣቶቹን ይሰናበት።

የካቴናውን እርግበትም፣ ማለትም መሃሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚላወሰውን ያህል፣ እይ። ብዙ ሞተሮች ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ይፈልጋሉ፤ የአንተ ልክ መመሪያው ላይ አለ። በጣም በከረረበት ቦታ ለካ። አንዱ ጋ ከርሮ ሌላው ጋ ከረገበ፣ ወይም ካቴናው የሚዞርባቸው ክብ ብረቶች ጥርሶች እንደ መንጠቆ ከሾሉ፣ ቅባት አያድነውም፤ ካቴናውን ከፊትና ከኋላ ጥርሶቹ ጋር አንድ ላይ ቀይር።