ታናሽ ሊመጣበት ላለ ልጅ ስትጽፉ

ውድ ልጆቼ፣

ለልጆች መጻፍ የጀመራችሁ ሁሉ ቶሎ የምትደፍሩት ርዕስ አዲስ ሕፃን የሚወለድበት ቤት ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የዴንማርኩ ተረት ጸሐፊ ሀንስ ክርስቲያን አንደርሰን በ1839 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሽመላዎች ተረት፣ ሕፃናት ኩሬ ውስጥ ተኝተው ሕልም እያዩ ይቆዩና ሽመላ ለየቤቱ ያደርሳቸዋል። በወፎቹ ላይ ለተሳለቀው ልጅ ግን የሚመጣለት የሞተ ወንድም ነው። የታናሹ መምጣት የታላቁ ጠባይ ሽልማት ወይም ቅጣት ሆነ ማለት ነው። ትንሽ ልጅ ደግሞ በሆዱ ያሰበውንና በእጁ ያደረገውን ገና አጥርቶ አይለይም። «ባይመጣ ይሻል ነበር» ብሎ ያሰበ ዕለት ሕፃኑ ቢታመም፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ይላል። ይህን ሸክም አታሸክሙት።

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነገሩ ተለወጠ። በአሜሪካዊው ጸሐፊ ራስል ሆባን የ1964 መጽሐፍ ታናሽ እህት የተወለደችባት ፍራንሲስ ጓዟን ሸክፋ ከቤት ትኮበልላለች፤ የምትሄደው ግን ምግብ ጠረጴዛው ሥር ነው። ወላጆቿ አይቆጧትም፤ እንደምትሰማ እያወቁ እንደናፈቀቻቸው ያወራሉ። በሌላው አሜሪካዊ በኤዝራ ጃክ ኪትስ የ1967 መጽሐፍ ደግሞ የልጁ የፒተር ዕቃዎች ለሕፃን እህቱ ሲባል ሮዝ ቀለም ሲቀቡ፣ እሱ ገና ያልተቀባችውን ወንበሩን ይዞ ይወጣል። ሊቀመጥባት ሲል አልበቃ ትለዋለች። ማንም «አድገሃል» ብሎ አልሰበከውም፤ ራሱ ደረሰበት። ከዚያ ከአባቱ ጋር ሆኖ ቀባት። ከዚህ የተሻለ መፍትሔ አላየሁም።

የሥዕል መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው። ጀማሪ ጸሐፊ ገጹን በእናት ሆድ ማደግ ይጨርስና ሕፃኑን መጨረሻ ላይ ያመጣዋል። የታላቁ ልጅ ፈተና ግን የሚጀምረው ያኔ ነው! ሕፃኑን እስከ ገጽ 10 አስገቡት። ልቅሶውን፣ ጡት መጥባቱን፣ ታላቁ ሲጠራት እናት «ቆይ» የምትለውን አሳዩ። «የጨዋታ ጓደኛ ይመጣልሃል» አትበሉ፤ አራስ ልጅ ፈገግታን ለመመለስ እንኳ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። ኳሱን ይዞ የጠበቀው ልጅ ተታለልኩ ይላል፣ እውነቱንም ነው። ለ3 ዓመት ልጅ «ከአራት ወር በኋላ» የሚባል ጊዜ የለም፤ «ከልደትህ በኋላ» በሉት። ጡጦ ልጥባ ቢል ወይም ሽንት ቢያመልጠው፣ በታሪካችሁ ውስጥ አታሳፍሩት።

ረቂቁን ለአንድ ልጅ አንብቡለትና መልሶ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ያወራው ስለ ሕፃኑ ብቻ ከሆነ፣ ታላቁን ረስታችሁታልና እንደገና ጻፉት።