መልስ፦ ከአሮጌ ባትሪ ኮባልት ማውጣት ያዋጣል?

ወንድሜ፣ «ከአሮጌ የስልክና የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ኮባልትና ሊቲየም ማውጣት ያዋጣል ወይ?» ላልከው፣ ኮባልቱና ኒኬሉ ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ሊቲየሙ እንደ ገበያው ነው፤ ዋጋው ሲወርድ ልፋቱን አይመልስም።

መጀመሪያ ባትሪው ውስጥ የቀረው ኃይል እንዲያልቅ ይደረጋል። አለበለዚያ ሲፈጭ እሳት ይነሳል፣ ቀልድ የለም። ተፈጭቶ ፕላስቲኩ፣ መዳቡና አሉሚኒየሙ ሲለይ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ዱቄት ይተርፋል። ገንዘቡ እዚያ ውስጥ ነው፤ በአሲድ ሟሙቶ ማዕድናቱ አንድ በአንድ ይወጣሉ።

ዋናው ራስ ምታት ግን መሰብሰቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አመነጨ። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው።

ደግሞ ከቆራሌው ጋር ዋጋ ከመቁረጥህ በፊት የባትሪውን ዓይነት እይ። ብዙ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች የሚይዙት ኤልኤፍፒ (ከሊቲየም፣ ከብረትና ከፎስፌት የሚሠራ ባትሪ) ኮባልትም ኒኬልም የለውም።