መልስ፦ የጤፍ ብረት የአባትዎን ልብ ይጎዳ እንደሆነ

የኮምቦልቻው ጠያቂያችን፣ ጤፍ ብረት የበዛበት እህል በመሆኑ የልብ ሕመም ያለባቸው አባትዎ እንጀራ መቀነስ ይገባቸው እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ለዚህ ሲሉ መቀነስ አይኖርባቸውም።

ስጋቱ የመጣው ጄሮም ሱሊቫን የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1981 ካቀረቡት መላ ምት ሲሆን፣ ይኸውም ሴቶች እስከሚያርጡ ድረስ ከወንዶች ይልቅ ከልብ ሕመም የሚጠበቁት በወር አበባ ብረት ስለሚወጣላቸው ነው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1992 በፊንላንድ ወንዶች ላይ የወጣ ጥናት ሐሳቡን ቢደግፍም፣ ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች እርስ በርሳቸው አልተስማሙም። ይበልጥ ጸንቶ የታየው ግንኙነት ከቀይ ሥጋ ከሚገኘው ብረት ጋር ያለው ነው፤ እርሱንም ቢሆን ከጮማው ጉዳት ለይቶ ማየት ያስቸግራል።

የጤፍ ብረት ጠባዩ ሌላ ነው። ከፊሉ እህሉ አውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ በፍሬው ውስጥ ያለውን ደግሞ ፋይቴት የተባለው ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል። የሊጡ መቡካት እስራቱን ቢያላላም፣ ከማዕድ ጋር የሚጠጣ ቡና በአንጻሩ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል (ከአቦል እስከ በረካ ሳንጠጣ ለማንነሣ ወሎዬዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም)። ከዚህም በላይ ሰውነት ክምችቱ ሲሞላ ከእህል የሚወስደውን ብረት ራሱ ይቀንሳል።

ይልቅስ አባትዎ የብረት እንክብል በራሳቸው ፈቃድ ገዝተው እንዳይወስዱ ይጠንቀቁላቸው። የብረት ማነስም የደከመ ልብን ይጎዳልና፣ ሐኪማቸው የሄሞግሎቢንና የፌሪቲን (የደም ማነስንና የሰውነትን የብረት ክምችት የሚያሳዩ) ምርመራ እንዲያዙላቸው ይጠይቁ።