ሜትር ሞገድን ያልተወው የጎርኪ የራዳር ተቋም፦ ጥያቄና መልስ

በሩሲያ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ስለሚገኘው የራዲዮ ምህንድስና ምርምር ተቋም ላቀረባችኋቸው ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ሜትር ሞገድ የምለው ርዝመቱ በሜትር የሚለካ የራዳር ሞገድ ነው። ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ተቋሙ ከየት ተነሣ?

መልስ፦ ሥሩ በጎርኪ ከተማ በሌኒን ስም ይጠራ የነበረው የፋብሪካ ቁጥር 197 ልዩ የንድፍ ቢሮ ነው። ከተማዋ እስከ 1990 ድረስ ጎርኪ እየተባለች ትጠራ ነበር፤ ለውጭ አገር ሰዎችም ዝግ ስለነበረች የቢሮው ስም ከወታደሩ ክበብ ውጭ እምብዛም አይሰማም ነበር። ቢሮው ከሠራቸው ራዳሮች ፒ-8 በ1950፣ ፒ-12 በ1956፣ ፒ-14 በ1959 ተከታትለው ወጡ።

ጥያቄ፦ ፒ-18 ምን ይመስላል?

መልስ፦ በሁለት ኡራል የጭነት መኪናዎች የሚጓጓዝ የዚሁ ቢሮ የ1970ዎቹ ራዳር ነው። አንቴናው በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ያጊ የሚባሉ 16 አንቴናዎች ነው። በየቤታችን ጣሪያ ላይ የኢቲቪን ሥርጭት ይቀበል የነበረውን የዓሣ አጥንት መሳይ አንቴና የሚያስታውስ ሰው እያንዳንዱን ያጊ ወዲያው ይለየዋል፤ የሞገዱም ርዝመት ከዚያ ብዙም አይርቅም፣ 2 ሜትር ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ ከራዳር እንዲሰወር የተሠራውን የአሜሪካ የጦር አውሮፕላን ኤፍ-117ን የመታው ይህ ራዳር ነው የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በከፊል። መጋቢት 27 ቀን 1999 በሰርቢያ ቡጃኖቭቺ መንደር አቅራቢያ አውሮፕላኑን ቀድሞ ያየው ፒ-18 ሲሆን፣ ሚሳይሉን ወደ ዒላማው የመራው ግን ኤስ-125 የተባለው የጸረ አውሮፕላን ሚሳይል ሥርዓት የራሱ ራዳር ነው። ስውር አውሮፕላን በቅርጹ የሚጠቀመው የራዳሩ ሞገድ ከአካሉ ክፍሎች እጅግ ሲያጥር ነው፤ የ2 ሜትር ሞገድ ግን ከክንፍ ጫፍና ከጅራት መጠን ጋር ስለሚቀራረብ ቅርጹ ሊያፍነው የማይችል ማሚቶ ይመለሳል። ከመሣሪያው ባልተናነሰ ግን ምስጋናው ለሰዎቹ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ሚሳይሉን የተኮሰው የዩጎዝላቪያ ጦር ክፍል አዛዥ ዞልታን ዳኒ የሚሳይል መሪው ራዳር ለጥቂት ሰከንድ ብቻ እንዲበራ አጥብቆ ያዝዝ ነበር፤ ከዚያ በላይ ቢቆይ የኔቶ ጸረ ራዳር ሚሳይል ጨረሩን ተከትሎ ይመጣልና።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁሉም አገር ለምን ሜትር ሞገድን አልያዘም?

መልስ፦ ጨረሩ ሰፊ ስለሆነ የዒላማውን አቅጣጫ በግምት እንጂ በትክክል አይነግርም። አንቴናውም ግዙፍ ይሆናል፤ ዝቅ ብሎ የሚበርን አውሮፕላን ማየትም ይከብደዋል። የቀደሙት ራዳሮች ከፍታን በአግባቡ መለካት ስለማይችሉ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ ሌላ ራዳር አጠገባቸው ይቆም ነበር። የጎርኪ መሐንዲሶች ይህን ድካም ሳይሸሹ ሠሩበት፤ በ1980ዎቹም ስሙ በሩሲያኛ ሰማይ ማለት የሆነው ኔቦ የተባለው ራዳር ከፍታውን ራሱ መለካት ቻለ።

ጥያቄ፦ ዛሬስ?

መልስ፦ ተቋሙ አልማዝ-አንቴይ በተባለው የሩሲያ መንግሥት የጦር መሣሪያ ኩባንያ ሥር ነው። ኔቦ-ኤም የተባለው ሥራው የሜትር፣ የዴሲሜትርና የሴንቲሜትር ሞገድ ራዳሮችን በየመኪናቸው ጭኖ በአንድ የማዘዣ መኪና ያገናኛል፤ የሜትሩ ያገኘውን ሌሎቹ በትክክል ይለኩታል።