አንድ ስም፣ 48 አጻጻፍ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ሶፍትዌር መሥራት ከጀመርኩ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ለአንድ ክሊኒክ የካርድ ክፍል ሲስተም ሠርቼ ነበር። ታካሚው ስሙን ሲናገር ሲስተሙ “የለም” ይላል፤ ሠራተኞቹም እንደ አዲስ ይመዘግቡታል። ሦስት ካርድ ያለው ሰው ሁሉ አለ። አለቃዬ “ሐውንም ኀውንም ወደ ሀ ቀይረውና እንገላገል” አለኝ። ልቀይረው?
ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አትቀይር ወንድሜ። ሰው ያስመዘገበውን ስም አትንካ።

ችግሩ ግን እውነት ነው። ኃይለሥላሴ የሚለውን እስቲ ቁጠረው። መጀመሪያው ላይ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ አለ፤ ሥ እና ስ አለ፤ ሴ እና ሤ አለ፤ አንዱ አጣብቆ ይጽፈዋል፣ ሌላው ለያይቶ። ሲባዛ 48 ይመጣል። እኛ ስናነበው አንድ ነው። ኮምፒውተሩ ግን ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል በሰጠው ቁጥር ነው የሚያውቀው፣ ስለዚህ ለእሱ ሀ እና ሐ የሀ እና የመ ያህል ይራራቃሉ።

እኔ አለቃህ ያለውን አድርጌዋለሁ። ለአንድ ማሠልጠኛ የተማሪዎቹን ስም ሁሉ በአንድ ሌሊት በስክሪፕት ቀየርኩት። ፍለጋው ሠራ፣ ደስ አለኝ። ከወር በኋላ ሰርተፍኬት ታተመ። ስሟ በዐይኑ ዐ የሚጀምር አንዲት ተማሪ በአልፋው አ የተጻፈ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ከመታወቂያዋ ጋር አልገጥም ብሎ ሥራ ሊቀጥሯት የነበሩት መልሰዋታል። ፊቷን እስካሁን አልረሳሁትም። ልመልሰው ብልም አልቻልኩም፣ ምክንያቱም አንዴ ሀ ካደረግኸው በኋላ ሐመሩ ሐ ይሁን ብዙኃኑ ኀ የነበረው የሚታወቅበት መንገድ የለም። የድሮ ባክአፕ ባይኖር አልቆልን ነበር፤ ከእሱ ወዲህ የገቡትን የወረቀት ቅጽ እያገላበጥን በእጅ አስተካከልን። ደግሞ ትርጉምም አለው። ሠረቀ በንጉሡ ሠ ወጣ፣ በራ ነው። በእሳቱ ሰ ስርቆት ይሆናል። ሠረቀ ብርሃን የሚባል ሰው ካርዱ ላይ ምን ብሎ ሊያገኘው ነው?

እንዲህ አድርግ። ስሙን እንዳለ ተወውና ጎኑ ላይ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ኮለም ክፈት። ሞክሼ ፊደላቱን ከነዘራቸው (ሐን ወደ ሀ፣ ሑን ወደ ሁ እያልክ፣ ሀ እና ሃንም ጨምረህ) እዚያ አንድ አድርጋቸው፣ ክፍተቱንም አውጣ። መዝጋቢዋ የምትጽፈውም በዚያው ኮድ ይለፍ። ስክሪን ላይና ህትመት ላይ የሚወጣው ግን ዋናው ስም ነው።

የተደጋገሙትን ካርዶች ሲስተሙ በራሱ እንዲያዋህድ ግን በፍጹም አትፍቀድ። በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ ሰዎች ሞልተዋል። የአንዱ የፔኒሲሊን አለርጂ ሌላ ሰው ካርድ ውስጥ ቢገባ የሰው ሕይወት ነው። ሲስተሙ “እነዚህ ይመሳሰላሉ” ብሎ ያሳይ፤ የአያት ስም፣ ዕድሜና ስልክ አይቶ የሚወስነው ሰው ይሁን።

ኮድ ከመንካትህ በፊት ግን ካርድ ክፍል ሄደህ ከመዝጋቢዎቹ አጠገብ ግማሽ ቀን ቁጭ በል። ሰልፉ ረዝሞ፣ የታመመ ልጅ እያለቀሰ፣ ኃን ኪቦርድ ላይ ለማውጣት ስንቴ እንደሚጫኑ እይ። እኔ ያን ሰርተፍኬት እስካይ ድረስ አንድም ቀን ሄጄ መዝጋቢዎቹን አላየሁም ነበር።