መልስ፦ ያረጀ ፈረስ መኖው መቼ ይቀየር?

የ22 ዓመት ፈረስዎ ድርቆሽ ሳይጎድልበት መክሳቱን ጽፈው፣ መኖውን ልቀይር ወይ ብለዋል። ዕድሜ ብቻውን መኖ አያስቀይርም፤ ጥርስ ግን ያስቀይራል።

ግርግሙ ሥር ይመልከቱ። ተጠቅልሎ በምራቅ የራሰ ድርቆሽ ወድቆ ካገኙ፣ መንጋጋው ማድቀቅ አቅቶታል። ፋንድያውንም ፈርከስ አድርገው ይዩት፤ ረጃጅም የድርቆሽ ጭረት ከበዛበት ነገሩ ያው ነው። ጎድኑን በዓይን ሳይሆን በእጅ ይዳስሱ፣ የረዘመ ፀጉር ክሳት ይደብቃል።

ጥርሱ ደህና ከሆነ የሆድ ትላትል ያስመርምሩ። ፀጉሩ በወቅቱ አልረግፍ ካለና ውሃ ካበዛ ግን የፒቱታሪ ዕጢ (አንጎል ሥር ያለች ትንሽ ዕጢ) ሕመም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለው ፈረስ ሐኪም ሳያየው እህልና ሞላሰስ አይጨምሩ፤ ስታርችና ስኳር ሰኮናውን ያሳምሙታል። (ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።)

መቀየሩ የግድ ከሆነ ከ10 እስከ 14 ቀን ይውሰዱ፣ በየ3 ቀኑ ሩብ ሩቡን እየተኩ። በአንድ ጊዜ ሲቀየር የትልቁ አንጀት ተህዋስያን ይቃወሱና ቁርጠት ይመጣል። ማኘክ ላቃተው፣ የታመቀ የድርቆሽ መኖ ገንፎ እስኪመስል ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉ፤ ደረቁን ከዋጠ ጉሮሮው ላይ ይቀረቀራል። 450 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በቀን ከ7 እስከ 9 ኪሎ፣ ሳይዘፈዘፍ ተመዝኖ፣ ለ4 ጊዜ ተከፍሎ ይሰጠው። የደረቱን ዙሪያ በየሳምንቱ በሜትር ይለኩ፤ በ4 ሳምንት ካልጨመረ ሐኪሙን መልሰው ይጥሩ።